ስለ ኮካና ስለ ሌሎች የግድብ ሐይቆች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ኮካ መመላለስ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ ሌሊት አሥር ሰዓት ከአዲስ አበባ እነሳለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ውሃ ዳር ነኝ። ሰሞኑን ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ግድብ ሐይቆች የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። አብዛኛው ስለ ኮካ ነው። ጊቤ 3፣ ተከዜና ንጋትም (የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ) ተነስተዋል።

ከአዳማ፦ ልጆቼ "ኮካ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው?" ብለው ጠይቀውኝ መልስ አጣሁ። እስኪ አስረዳን።

ሰው የሠራው ነው። አዋሽ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የተሠራው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የሚያመነጨው 43.2 ሜጋ ዋት ነው፤ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፣ ያኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ንጉሡ "ገሊላ" ብለውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ኮካ እንዳለው ቀረ።

ለልጆቹ ግን ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ ይሄን ንገርልኝ፦ የግድብ ውሃ በር አለው። ሰው ይከፍተዋል፣ ሰው ይዘጋዋል። እኔ ስለ ግድብ ዓሣ የማውቀው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ በየትኛው ወር ልሂድ? ባለፈው ግንቦት ሄጄ ጭቃ አይቼ ተመለስኩ።

በግንቦት የሄደ ሰው ሌላ ኮካ ነው የሚያየው። ውሃው በክረምት ይሞላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጢም ይላል። ከዚያ ለመብራትና ለመስኖ እየተለቀቀ ይወርዳል። ግንቦት ላይ ዳርቻው በጣም ይሸሻል፤ በመስከረም ጀልባ የታሰረበት ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ ታያለህ።

ለሽርሽር ከሆነ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ሂድ። አየሩ ጥሩ ነው፣ ወፉም ብዙ ነው። ለማጥመድ ግን እኔ የምመርጠው ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴን ነው። ብዙ ሰው "በዝናብ ማን ይወጣል" ይላል። ውሃው ሽቅብ ሲመጣ በበጋ የበቀለውን ሣር ያጥለቀልቀዋል። ሣሩ ውስጥ ትል አለ፣ ነፍሳት አለ። አምባዛ ለመብላትም ለመራባትም ወደዚያ ይገባል። አንዳንዴ ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም፤ የዓሣው ጀርባ ሲያልፍ ሣሩ ይተረማመሳል። ዝም ብለህ ቁመህ ታየዋለህ።

አንድ ዘዴ ላሳይህ። እንደደረስክ ውሃው አፋፍ ላይ ቀጭን እንጨት ትከል። በማግስቱ ጠዋት እየው። ውሃው እንጨቱን አልፎ ከወጣ ዓሣው ዳር ዳሩን ነው፤ አጠገብህ ወርውር። ውሃው ሸሽቶ እንጨቱ ደረቅ ላይ ከቀረ ዓሣውም ወደ ጥልቁ ሄዷል፤ አርቀህ ወርውር ወይ ጀልባ ፈልግ። ይቺ እንጨት ከብዙ ውድ ዕቃ ትበልጣለች።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ነው። ከሰዓት በኋላ የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ይነሳል፣ ሞገዱም ለትንሽ ጀልባ አይመችም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ መሐል ውሃ ላይ አልገኝም።

ስለ ጭቃው ደግሞ፦ ውሃ የሸሸበት መሬት ላዩ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የሚያስተማምን ይመስላል። ውስጡ ማጥ ነው። አዋሽ በየዓመቱ ብዙ ደለል ያመጣል፤ በተለይ ወንዙ በሚገባበት በኩል ደለሉ በጣም ወፍራም ነው። እኔ በሦስተኛው ዓመቴ እስከ ጭኔ ሰምጬ አንድ እረኛ ልጅ ዱላውን ዘርግቶልኝ ነው የወጣሁት። የከብት ኮቴ የሌለበት ቦታ አትርገጥ።

ከዳላስ፦ እዚህ ሬይ ሃባርድ ሐይቅ ላይ ባስ የሚባል ዓሣ አጠምዳለሁ። ለእረፍት ስመጣ ዘንጌን ላምጣ?

አምጣ፣ ደስ ይለናል። ለነገሩ አንተ የግድብ ሐይቅ ለምደሃል፤ ቴክሳስ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሐይቆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው የሠራቸው ናቸው። ስለዚህ የውሃውን መውጣትና መውረድ ታውቀዋለህ። የሚለየው ዓሣው ነው። ባስ አንጸባራቂ ሰው ሠራሽ ዓሣ ሲያይ ያሳድዳል። ቆሮሶ ዞር ብሎም አያየውም። ምግቡ በአብዛኛው ውሃ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ነው። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ የምድር ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ያዝ። ለአምባዛ ደግሞ ወፍራም ክርና ትልቅ መንጠቆ፤ ማጥመጃው የዓሣ አንጀት ወይ የሥጋ ቁራጭ ነው፣ ከታች መሬቱ ላይ ይተኛ። ካርፕም አለ፤ የበቆሎ ፍሬና ሊጥ ይወዳል።

ስትመለስ የተረፈህን መንጠቆና ክር ለዚያ አካባቢ አጥማጆች ብትተውላቸው ትልቅ ነገር ነው። ጥሩ መንጠቆ እዚህ እንደልብ አይገኝም።

ከዱባይ፦ ናይል ፐርች ኮካ ላይ ይያዛል?

አይያዝም። አዋሽ ውስጥ የለም። እሱን ከፈለግህ ጫሞ ነው የምትሄደው። በግድብ ሐይቅ ላይ ካልክ ግብፅ ያለው ናስር ሐይቅ በዚህ ዓሣ በዓለም የታወቀ ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ይወጣበታል፤ ውሃውም በብዛት የኛው የዓባይ ነው።

ከሐዋሳ፦ የያዝኩት ቆሮሶ ትንሽ ሲሆን ልመልሰው ወይስ ይሞታል ብዬ ልውሰደው? ወንድሞቼ ይስቁብኛል።

መልሺው እህቴ። ማንም ይሳቅ። እኔ ይሄን የተማርኩት ከአንድ አዛውንት አጥማጅ ነው። ጀልባቸው ላይ ሆኜ አንዲት ቆሮሶ ያዝኩ፤ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። መንጠቆውን ላወጣ አፏን ስከፍት፣ የተፈተፈተ ሽሮ ዱቄት የመሰለ ቢጫ ነገር ጣቴ ላይ ፈሰሰ። እንቁላል ነው። በደንብ ሳየው እያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ። ዓይን ናቸው። እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ እስኪጠነክሩም አትለያቸውም። ሽማግሌው ቀዘፋቸውን አቁመው "ይቺ እናት ናት ልጄ፤ ስደዳት" አሉኝ። ሰደድኳት። እንቁላሉ ግን ግማሹ ጀልባው ወለል ላይ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ እጅሽን አርጥቢ፣ ዓሣዋን አታጥብቂያት፣ ቶሎ ልቀቂያት። ውሃው በሚወርድበት ወቅት ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ዳር፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው። ውሃው ሲሸሽ ያ ሁሉ ደረቅ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ሲጨመርበት ምን ይተርፋል? መረብ የሚጥሉ ሰዎችን አልኮንንም፤ የዕለት እንጀራቸው ነው። ግን ጣት የማያሳልፍ መረብ የነገን ዓሣ ነው የሚያወጣው።

ከቢሾፍቱ፦ ኮካ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ አየሁት፣ ይሸታልም። ዓሣው ይበላል? ልጆች አሉኝ።

ይሄ ጥያቄ በጣም ያሳስበኛል፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አረንጓዴው ማይክሮሲስቲስ የሚባል በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ሲበዛ የሚመጣ ነው። የሚበዛው ውሃው ውስጥ የሚመግበው ነገር ሲትረፈረፍ ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝና በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽ ይገባል። በሞጆ ወንዝ በኩል የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይመጣል። ከእርሻው ማዳበሪያ ይታጠባል። ሁሉም ማረፊያው ኮካ ነው።

ይሄ አረንጓዴ ነገር ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በማፍላት አይጠፋም። ብዙ ሰው "አፍልቼዋለሁ" ብሎ ይጠጣል፤ እባካችሁ ይሄን ለምታውቁት ሰው ሁሉ ንገሩ። ውሃው ቀለም እንደፈሰሰበት ሲሆን አትንኩት፣ ልጆች አይዋኙበት፣ ውሻም አይጠጣው።

ዓሣውን በተመለከተ መርዙ ከሥጋው ይልቅ ጉበቱና አንጀቱ ውስጥ ነው የሚከማቸው። ስለዚህ እኔ አንጀቱን እዚያው አወጣለሁ፣ ሥጋውን ይዤ በሄድኩት ንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፣ የምበላውም ፊሌቶውን ብቻ ነው። የዓሣ ዱለት ከኮካ ዓሣ አልበላም። ውሃው ወፍሮ በሚሸትበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አልይዝም። ለልጆችሽም እንዲሁ አድርጊ። ያሳዘነኝ ነገር ቢኖር እኛ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይዘን እንሄዳለን፤ ዳር ላይ የሚኖረው ሰው ግን የሚቀዳው ከዚያው የነበረበት ጊዜ አለ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጉማሬና አዞ አለ ይባላል። ከቤተሰብ ጋር መሄድ ያስፈራል?

ሁለቱም አሉ። ጉማሬው ይበልጥ ያሰጋኛል። ማታ ሣር ለመጋጥ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። ደለል ላይ ጎድጎድ ያለ፣ መሐሉ ሸንተረር ያለው መንገድ ካየህ የሱ ነው፤ እዚያ ላይ አትቁም፣ ድንኳንም አትትከል። በጉማሬና በውሃው መሐል መግባት የለም። ልጆች ዳር ላይ እግራቸውን አይንከሩ። ቦታውን ሁሌም የአካባቢውን ሰው ጠይቅ፤ ትናንት የት እንደታየ ያውቃሉ።

ወባስ?

አለ። ከኮካ ግድብ አጠገብ ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ በጥናት ታይቷል። እዚህም ላይ የውሃው መውረድ አለበት፤ ሲሸሽ ዳር ላይ ትንንሽ ኩሬ ትቶ ይሄዳል፣ ትንኟ እዚያ ትፈለፈላለች። ማደር ካሰብክ አጎበር ያዝ። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት ከያዘህ "ጉንፋን ነው" ብለህ አትቀመጥ፣ ተመርመር። ቢልሃርዝያም ስላለ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትቁም።

ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

የዓሣ ሀብት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 315/1995። ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ ያወጣል። በዘንግ ለመዝናናት የሚሄድ ሰውም ቢሆን መጀመሪያ የወረዳውን ግብርና ቢሮና የአጥማጆቹን ማኅበር ቢያናግር ጥሩ ነው። ግድቡ አካባቢ ግን ጥበቃ አለ፤ ሳታስፈቅድ አትጠጋ፣ ፎቶም አታንሳ።

ከባሕር ዳር፦ እንቦጭ ኮካም አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። እንዲያውም ጣና ላይ ከመታየቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በአገራችን መኖሩ የተመዘገበው በ1957 ዓ.ም. ኮካና አዋሽ ላይ ነው። ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል፤ ጠዋት ክፍት የነበረ ዳር ከሰዓት ተዘግቶ ይጠብቅሃል። የሞተር ጀልባ ካለህ ውስጡ አትግባ፣ ሥሩ ማሽከርከሪያው ላይ ይጠመጠማል። ጫፉ ላይ ግን መንጠቆ ጣል፤ ጥላ ስላለው ዓሣ ይጠለልበታል።

ከአሶሳ፦ ንጋት ሐይቅ ለዓሣ እንዴት ይሆናል?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ንጋት 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ቆላ ነው፣ ውሃው ሞቃት ነው። አዲስ ግድብ ሲሞላ የተዋጠው ሣርና ቅጠል ይበሰብሳል፤ ውሃው በምግብ ይበለጽጋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣው በጣም ይበዛል። ብዙ የዓለም ግድቦች ላይ የታየ ነው። ከዚያ ምግቡ እያለቀ ሲሄድ ዓሣውም ይቀንሳል። የኔ ፍርሃት ይቺ የመጀመሪያዋ ጥጋብ ሁሌ የምትቀጥል መስላን ጀልባና መረብ እንዳናበዛ ነው። ወጣቶች ስትደራጁ ዕቅዳችሁን በዚህ ዓመት ምርት ላይ አትሥሩ፤ ከዚህ ያነሰ እንደሚመጣ አስባችሁ ጀምሩ። ዛፍ ያልተመነጠረበት ቦታ ደግሞ መረብ ይይዛል፣ ጀልባም ይመታል፤ ቦታውን ሳታውቁ አትፍጠኑ።

ከወላይታ፦ ጊቤ 3ና ተከዜስ?

ጊቤ 3 እንደ ኮካ የተንጣለለ አይደለም። በሸለቆ ውስጥ የሚጠማዘዝ ረጅም ውሃ ነው። ለማየት ከሆነ በዳውሮ በኩል ሃላላ ኬላ ሂድ፤ በጀልባ ሲኬድ ገደሉ ቀጥ ብሎ ከውሃው ይወጣል፣ ቃል የለኝም። ዳር ቆሞ ለማጥመድ ግን አይመችም፣ ወዲያው ይጠልቃል። ተከዜ በዋግ ኽምራ በኩል ለብዙ ወጣት እንጀራ የሆነ ውሃ ነው፤ ለጉዞ ከማሰብህ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣራ።

ከአዲስ አበባ፦ በዐቢይ ጾም ከኮካ መንገድ ዳር ዓሣ ገዝቼ ቤት ስደርስ ተበላሸብኝ። ምን ላድርግ?

በጾም ሰው ስለሚበዛ ዓሣው ፀሐይ ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ከሰዓት ሳይሆን ጠዋት ግዙ። ዓይኑን እዩ፤ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ይሁን፣ የጎደጎደና የደፈረሰ አትውሰዱ። ስንጥቡን ግለጡት፣ ቀይ መሆን አለበት። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ ካልሞላ ተዉት። ከቤት ስትነሱ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ በረዶ አድርጋችሁ በማቀዝቀዣ ሣጥን ያዙ፤ ዓሣውን አንጀቱን አስወጥታችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ በመሐላቸው አስቀምጡት። ላስቲኩን ሳታደርጉ በረዶው ቀልጦ ዓሣው ውሃ ውስጥ ከዋለ ሥጋው ይላሽቃል፤ ለሾርባ እንጂ ለጥብስ አይሆንም።