ከዴፖ በኋላ የቀረ የወር አበባ

ጥያቄ፦ 3 ዓመት ዴፖ የሚባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ስወጋ ቆይቼ ልጅ ፈልጌ ተውኩት። ከመጨረሻው መርፌ 8 ወር ሆነኝ፤ የወር አበባዬ ግን አልመጣም። ጎረቤቶቼ «ደሙ ማህፀንሽ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ የሚያጥብ ነገር ጠጪ» ይሉኛል። 31 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ የተጠራቀመ ደም የለም። ዴፖ እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፣ የማህፀንንም የውስጥ ሽፋን ያሳሳል፤ ሽፋኑ ካልወፈረ የሚፈስ ነገር ከየት ይመጣል? «ማጠቢያ» የሚባለውን ይተዉት፤ ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

መርፌው ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ መዘግየቱ የተለመደ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይባቸውም ጥቂት አይደሉም። መሃን አያደርግም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባ በፊት መሆኑን ነው። ስለዚህ ደም ሳያዩም ሊያረግዙ ይችላሉ። በጠዋት የመጀመሪያ ሽንት የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ፤ ነጌቲቭ ከሆነ ከ3 ሳምንት በኋላ ይድገሙት። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን በቀን 0.4 ሚሊግራም ከአሁኑ ይጀምሩ።

ሳያጠቡ ከጡትዎ ወተት ከወጣ፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ከበዛብዎት ወይም ከመጨረሻው መርፌ 12 ወር አልፎም የወር አበባ ከቀረ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የፕሮላክቲን (ወተት እንዲመረት የሚያደርግ ሆርሞን) ምርመራ እንዲታዘዝልዎ የማህፀን ሐኪም ያማክሩ።