ዝዋይ አሳ በልታችሁ ብቻ አትመለሱ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ላንጋኖ ሰለቸን፣ ጣና ለሁለት ቀን አይሆንም፣ ከአዲስ ቀረብ ያለ ደሴትና የቆየ ቤተክርስቲያን ያለበት ቦታ አለ ወይ ነው ያልሽው። አለ፣ ያውም ሁላችንም ስንት ጊዜ በጎኑ ያለፍነው። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የሚባለው ማለት ነው። እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ ሐዋሳ ስመላለስ ዝዋይ ለኔ የአሳ ጉላሽ መብያ ነበር እንጂ ሀይቁ መሀል ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አምስት ደሴት ነው ያለው፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ጋሊላ። ጊዜ ካለሽ ቱሉ ጉዶ ሂጂ፣ ትልቁ እሱ ነው፣ ስሙም በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፣ ስትወጪው ይገባሻል 😅 እዚያ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም ናት። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው እዚህ 70 ዓመት አቆይተዋታል ይላሉ አባቶች፣ የብራና መጻሕፍትም አሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄንን ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሰዎቹ ናቸው። ዛይ ይባላሉ፣ ዛይኛ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ከዙሪያው ኦሮምኛ ጋር አይገናኝም፣ የስልጤና የሐረሪ ዘመድ ነው። መርካቶ የሚሰራ የስልጤ ልጅ ጓደኛዬ አብሮን ነበርና አንዲት እናት ልጃቸውን ሲቆጡ ሰምቶ «ቆይ ቆይ፣ እኚህ ሴትዮ የሚሉት እኮ እየገባኝ ነው» ብሎ ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ሁለቱ የቃል ጨዋታ ጀመሩ፣ ይሄ በናንተ ምን ይባላል፣ ይሄስ፣ እኛ ተረስተን ጀልባው እየጠበቀን እነሱ ይሳሳቃሉ። ከኛ ጋር ግን ጥርት ባለ አማርኛ ነው ያወሩን፣ ኦሮምኛም ይችላሉ። ኑሯቸው አሳና እርሻ ነው፣ ተራራውን በድንጋይ እርከን ደርድረው ነው የሚያርሱት፣ ኮንሶ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ አካሄዱ። ዝዋይ 160 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መኪና ካላችሁ ከመስቀል አደባባይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ብትነሱ በፍጥነት መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ መቂ እያላችሁ ለቁርስ ትደርሳላችሁ፣ ከሌላችሁ ቃሊቲ መናኸሪያ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የደርሶ መልሱን ዋጋ፣ የሚጠብቅበትንም ሰዓት ጨምራችሁ ጨርሱ፣ ላይፍ ጃኬትም ጠይቁ። ቱሉ ጉዶ እኛ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ እኛ እየተጫወትን ዘጠኝ ሰዓት አሳልፈን ስንመለስ ማዕበሉ እስከ ውስጥ ልብሳችን አረጠበን፣ ስልኬም እዚያው ሞተ፣ ስለዚህ ጠዋት ሄዳችሁ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሱ። ነጠላ ያዢ። ቤተክርስቲያኑ ቁልፍ ያዡ ከሌለ ዝግ ነው፣ እኛ ስንደርስ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ዛፍ ስር ቁጭ ብለን ጠብቀናል፣ ባለጀልባው ቀድሞ ደውሎ እንዲያጣራ አድርጊ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ቱሉ ጉዶ ይደክማቸዋል፣ ደብረ ሲና ቅርብ ስለሆነ እሱ ይበቃል፣ ጉማሬም መንገድ ላይ ልታዩ ትችላላችሁ። የኔ ልጅ ግን ከሁሉም የወደደው ወደቡ ላይ የአሳ ትርፍራፊ የሚሻሙትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ነው፣ ከሱ በቁመት ይበልጡ ነበር።