ለኒንቴንዶ ጌም የማይሠሩት ጠልተውት ነው?
«ሌሎች ኩባንያዎች ለኒንቴንዶ ጌም መሥራት የተዉት ጠልተውት ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው።

የኩባንያው የጌም ማሽን ኒንቴንዶ 64 እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የሚሠራው በካርትሪጅ (ጌሙን በያዘ፣ ማሽኑ ላይ በሚሰካ ትንሽ ዕቃ) ነበር። ትልቁ ካርትሪጅ የሚይዘው 64 ሜጋባይት ነው፤ የሶኒ ማሽን የፕሌይስቴሽን ሲዲ ግን ከ600 በላይ ይይዛል፣ ለማምረትም በጣም ርካሽ ነው። ስለዚህ ስኩዌር የተባለው የጌም ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 7 የተባለውን ጌሙን ይዞ ወደ ሶኒ ሄደ። ጌሙ በ1997 ሲወጣ 3 ሲዲ ፈጀ። እስቲ ያንን ሁሉ ካርትሪጅ ውስጥ አስበው!

ዊ ዩ በተባለው በኋላ በመጣው የኒንቴንዶ ማሽን ላይ ግን ችግሩ ሌላ ነበር። በ2012 ወጥቶ በጠቅላላው የተሸጠው 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ገዢው ጥቂት ከሆነ ጌሙን ለዚያ ማሽን ብለህ እንደገና ስታስተካክል ያወጣኸው ወጪ አይመለስም፣ ጌም ከሌለ ደግሞ ሰው ማሽኑን አይገዛም፣ በቃ አዙሪት ነው። እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ማሽኑ እኮ መጥፎ አልነበረም።

ቀጣዩ የኒንቴንዶ ማሽን ስዊች በ2017 መጥቶ እንደ ጉድ ሲሸጥ ብዙዎቹ ተመለሱ። አቅሙ ከሶኒው ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ያነሰ ቢሆንም ዊቸር 3 የተባለው ትልቅ ጌም እንኳ በ2019 ገባበት። ምስሉ ደብዘዝ ቢልም ሙሉ ጌሙ ከነተጨማሪ ክፍሎቹ በአንዲት ካርትሪጅ።