ለንጉሥ የማሉ ሰይፈኞች፦ ከወሎ አንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ንጉሥን ለመጠበቅ የማሉ ሰይፈኞችን የሚተርኩ የፋንታሲ ልቦለዶች አጽማቸው ይመሳሰላል። ልጆች ገና በጨቅላነታቸው ለሥልጠና ይሰጣሉ፤ ሲጎለምሱ ሞት ብቻ የሚፈታው መሐላ ይምላሉ፤ ከዚያ የማሉለት ንጉሥ ክፉ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄዎቹ እንዲህ ያለ ልቦለድ አንብበው ከተከራከሩና የራሳቸውን መጻፍ ከጀመሩ ሰዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ልቦለዱን ግማሾቻችን ወደድነው፣ ግማሾቻችን መሃል ላይ ሰለቸን። የሰይፍ ፍልሚያው ግን ማሻአላህ የሚያሰኝ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?

መልስ፦ መሐላው ነው የጎደለው። ወረቀት አውጡና የመሐላውን ቃል ከመጽሐፉ ቃል በቃል ገልብጡ። «ንጉሡን በሕይወቴ እጠብቃለሁ» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ካላገኛችሁ ደራሲው መሐላውን አልሠራውም ማለት ነው። ሙሉ መሐላ በምን እንደሚማል፣ ለማን እንደሚማል፣ ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ይናገራል። በተለይ «ለማን» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይዘለላል። ለሰውዬው ነው የማሉት ወይስ ለዙፋኑ? ሁለቱ እስኪለያዩ ድረስ አንድ ይመስላሉ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ሲለያዩ ነው።

ከዚያ መሐላውን በአራት ጥያቄዎች ፈትኑት። ንጉሡ የገዛ ልጁን ግደል ቢል? ንጉሡ ቢያብድ? ንጉሡ ሞቶ አልጋ ወራሹ የ7 ዓመት ልጅ ቢሆን? ሁለት ሰዎች ንጉሥ ነኝ ቢሉ? የመሐላው ቃል አራቱንም ከመለሰ የሚያጨቃጭቅ ነገር ስለማይኖር ታሪክ የለም። አንዱንም ካልመለሰ ደግሞ ሰይፈኞቹ የሚያደርጉት ሁሉ የደራሲው ፈቃድ ይሆናል፤ የሰለቻችሁ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጥሩ መሐላ ሁለቱን ይመልስና በቀሩት ሁለቱ ላይ አብረው ያደጉትን ሰይፈኞች እርስ በርስ ያጋድላቸዋል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እኔ እየጻፍኩ ነው። መሐላውን ስጽፈው ግን ከውጭ ፊልም የተተረጎመ ይመስልብኛል። በምን ላስተካክለው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ መፍትሔው አፋችን ላይ አለ። የእኛ ሰው ሲምል «እንዲህ ብዬ እምላለሁ» አይልም፤ የሚወደውን ሰው ስም ጠርቶ «ይሙት» ይላል። በምኒልክ ዘመን «ምኒልክ ይሙት»፣ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» እየተባለ በክርክርና በውል ላይ ይማል ነበር። ይህ ለልቦለድሽ ወርቅ ነው። ሰይፈኛሽ «ንጉሥ ይሙት» ብሎ ከማለ፣ በመያዣ ያስያዘው የራሱን ነፍስ ሳይሆን የሚጠብቀውን ሰው ነፍስ ነው። አስማት ባለበት ዓለም ይህ ቃል በእውነት ቢሠራ ምን እንደሚሆን አስቢው። ዘበኛው በዋሸ ቁጥር ንጉሡ ይታመማል። ንጉሡ ከጠላት ይልቅ የራሱን ዘበኛ ውሸት ይፈራል።

ሁለተኛው መሣሪያሽ ግዝት ነው። መሐላ ሰው በራሱ ላይ የሚያኖረው ሲሆን ግዝትን ሌላ ሰው ይጥልበታል፤ «ያሰረ ይፍታ» ነውና መፍታትም የጣለው ሰው ፈንታ ነው። ስለዚህ ግዝቱን የጣለው ሰው በምዕራፍ ሦስት ከሞተ ሰይፈኛሽ መፍቻ የሌለው ሰው ይሆናል። ሁለቱን አታቀላቅያቸው፤ አንዱን ሰይፈኛ በመሐላ፣ ሌላውን በግዝት ብታስሪ የሁለቱ ጭንቀት ፍጹም የተለያየ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመሐላውን ትዕይንት ወሎ ላይ ካደረግሽው አንዱ በመስቀልና በወንጌል፣ አጠገቡ የቆመው በቁርኣን ይማል። በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት በሚገኝበት አገር አንባቢው ይህን ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይቀበልሻል። መሐላ ፈርሶ ደም ሲፈስ ደግሞ አስታራቂውን ከውጭ አታምጪ፤ የወሎ ባህላዊ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮች፣ አሉልሽ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሾተል ነው ጎራዴ የሚይዙት? ክብደቱስ ስንት ነው? ያነበብኩት ላይ ጀግናው 10 ኪሎ ሰይፍ እንደ እርሳስ ያሽከረክራል።

መልስ፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ሰይፍ ለፍልሚያ አይሆንም። በእጅ የሚያዝ የጦር ሰይፍ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ያም ሆኖ ክንድ ያዝላል።

ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በሁለቱም ጎን ስለት ያለው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ የሆነ ነው። ጥቅሙ ጋሻን መዞሩ ነው፤ ጠላት ጋሻውን ፊቱ ላይ ሲያነሳ የሾተሉ ጫፍ በጎን ወይም በላይ ዞሮ ይደርስበታል። ጉዳቱም ከዚያው ቅስት ይመጣል። ከአፎቱ ቶሎ አይወጣም፣ የሚሰነዘርን ምት ለመመከትም አይመችም። እንግዲህ ሰይፈኛህ ሾተል ከያዘ በድንገት ሲጠቃ ዓይን ሳይርገበገብ መዘዘ ብለህ አትጻፍ። አድፍጦ ሲጠብቅ ግን ያምርበታል።

ጎራዴ ባለ አንድ ስለት ሲሆን ጉብጠቱም ለዘብ ያለ ነው፤ ለመምዘዝም ከፈረስ ላይ ለመቁረጥም ይቀላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ብዙው የጎራዴ ብረት ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመኗ ዞሊንገን ይመጣ ነበር፤ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የሚሠራ ነበር። ይህን ዕወቀው፤ ምናባዊ መንግሥትህ ብረቱን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ከሆነ የወደቡን መንገድ የዘጋ ሰው የንጉሡን ዘበኞች በ20 ዓመት ውስጥ ትጥቅ ያስፈታቸዋል። ይህን የመሰለ ሴራ ከአስማት ሁሉ ይበልጣል።

ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ፦ የእኛ ሰው ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው። ግራ እጁ ጋሻ ይዟል። በግራ ጎን ካስታጠቅኸው የፈረንጅ ሥዕል እየገለበጥክ ነው። ጋሻው የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ይሁን፤ ሰይፍ አንድ ጊዜ ስላረፈበት ለሁለት አይሰነጠቅም። በክረምት ደግሞ የአፎቱ ቆዳ እርጥበት ይይዝና ስለቱን ያዝገዋል፤ ብረቱ ተወልውሎ ሞራ ካልተቀባ በመስከረም ሲመዘዝ ይይዛል። አንድ ዘበኛ ይህን በመርሳቱ ብቻ የሚሞትበት ትዕይንት ብትጽፍ ማንም አይረሳውም።

ጥያቄ (ከወልድያ፣ መምህር)፦ የሰይፈኞቹ ምሽግ የት ቢሆን ያምናል አንባቢ? ልጆቹ ያደጉበት ቦታ ማለቴ ነው።

መልስ፦ እርስዎ ካሉበት ብዙ ሳይርቁ ግሸን አለች። አምባሰል ውስጥ፣ በመስቀል ቅርጽ አምባዋ የምትታወቀው ግሸን የነገሥታት ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው የሚኖሩባት ነበረች፤ ይህም የኢማም አህመድ ጦር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እስኪይዛት ቀጥሏል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አምባው ጥበቃና ከእስረኞቹ ደብዳቤ ይዞ ስለወጣ መነኩሴ ግርፋት ጽፏል።

ልብ ይበሉ፣ እዚያ ያሉት ጠባቂዎች ንጉሡን አይደለም የሚጠብቁት። ንጉሥ ሊሆን የሚችለውን ሰው ነው። ዛሬ እስረኛ ብለው ምግቡን የሚፈትሹለት ልጅ ነገ መልእክተኛ መጥቶ ጌታቸው ያደርገዋል። የሰይፈኞች ልቦለድ ደራሲዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ግማሾቹ መጽሐፋቸውን ከቤተ መንግሥት አውጥተው አምባ ላይ ያደርጉት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመንገዱን ሒሳብም አይርሱ። ጭነት ያላት በቅሎና እግረኛ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ነው፤ ገደል ላይ ከዚያ ያንሳል። ከፍታው ደግሞ ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባቲ ቆላ የመጣ ሰይፈኛ ደጋ ወጥቶ በዚያው ቀን ቢፋለም ከሦስተኛው ምት በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ለሰይፈኞቹ ማዕረግና ስም ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ጋሻ ጃግሬ (የጌታውን ጋሻ የሚይዝ)፣ አጋፋሪ (የግብር አስተናባሪ)፣ ባልደራስ (የፈረስ ቤት አለቃ) አሉልህ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሊቀ መኳስ ነው፤ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሠ ነገሥቱ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ሰው። ለስም የፈረስ ስምን ተጠቀም፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ሰይፈኛህ መሐላ ሲምል የቤት ስሙን ትቶ የፈረስ ስም ይያዝ፤ እናቱ ብቻ በድሮ ስሙ ትጥራው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ንጉሡ ክፉ ሲሆን ሰይፈኞቹ ምን ያድርጉ? ይክዱት ብለን የምንከራከር አለን፣ አብረውት ይሙቱ የምንልም አለን።

መልስ፦ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እሱም መቅደላ ላይ ታይቷል። የቴዎድሮስ ታማኝ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ቴዎድሮስ ራሱን ከመግደሉ በፊት ተከታዮቹን ነፍሳችሁን አድኑ ብሎ አሰናበታቸው። ንጉሡ ራሱ መሐላውን ፈታው ማለት ነው። ጥቂቶች ግን አልሄዱም።

ለልቦለድ ከክህደትም ከአብሮ መሞትም የሚከብደው ይህ ነው። የታሰረ ሰው ቢቆይ ቃሉ ያዘው እንላለን። የተፈታ ሰው ሲቆይ ግን ምክንያቱን ከራሱ ማምጣት አለበት፤ ደራሲውም እስከዚያ ገጽ ድረስ ያ ምክንያት እንዲበቅል ማድረግ አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያው ምዕራፍ መሐላውን ስትጽፉ ማን ሊፈታው እንደሚችል አንድ ሐረግ አስገቡበት፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ማንም አያንሳት።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ በድጋሚ)፦ የፍልሚያ ትዕይንት ስንት ገጽ ይሁን?

መልስ፦ ለሁለት ሰዎች ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሁለት ሦስት ምት፣ አንድ ስሕተት፣ አንድ ቁስል። ፉከራውን ግን ከፍልሚያው በፊት አስረዝሚው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን በማን እንደማለ አንባቢሽ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።