«ጂን ማስገባት እንጂ መፈተሽ አልፈልግም» ላልሽኝ

ከአሸዋ ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በባዮቴክኖሎጂ ተመርቀሽ ቤት ከተቀመጥሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። አሁን አንድ ላብራቶሪ የዘርና የቅጠል ናሙና የሚፈትሽ ረዳት ይፈልጋል። አንቺ ግን «ሌላው ያስገባውን ጂን ስፈልግ ልኖር ነው?» ብለሻል። እናትሽ «ሥራ ሥራ ነው» ይላሉ። ልግባ ወይስ ማስተርስ ልጠብቅ ነው ጥያቄሽ።

ግቢ። እናትሽ ልክ ናቸው፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው።

ጂን የማስገባቱ ሥራ ከሩቅ እንደሚያምረው አይደለም። አግሮባክቴሪየሙን፣ ጂኑን ወደ ተክሉ የሚያሻግረውን ባክቴሪያ፣ ከቅጠል ቁራጭ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ታቆዪዋለሽ። ከዚያ ባክቴሪያውንና ጂኑን ያልያዘውን ሴል የሚገድል አንቲባዮቲክ ያለበት ምግብ ላይ ታዛውሪዋለሽ። የቀረው የወራት ጥበቃ ነው። ከሞት የተረፈችው ችግኝ ጂኑን መያዟን የምታውቂው ስትፈትሺያት ብቻ ነው።

ይህ በራሴ ደርሷል። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ላብራቶሪ ነበርኩ። አንድ ጊዜ 12 ችግኝ በፒሲአር (የተፈለገን ዲኤንኤ አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) አየሁ፤ 12ቱም ባንድ፣ ማለትም «ጂኑ አለ» የሚል መስመር፣ ሰጡ። ጓደኞቼን ማኪያቶ ጋበዝኩ። አለቃዬ መስመሮቹ የሚታዩበትን ጄል አየና «ባክቴሪያውስ?» አለኝ፣ በቃ። ወደ ተክሉ የማይሻገረውን የባክቴሪያውን የራሱን ጂን በሌላ ፕራይመር (የሚፈለገውን ጂን በሚለይ አጭር ዲኤንኤ) ስፈልግ እሱም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለካ ሳነብ የከረምኩት ችግኙ ላይ የተረፈውን አግሮባክቴሪየም ኖሯል! ሌላ ቀን ደግሞ ዲኤንኤ የሌለበት የውሃ ኮንትሮሌ (ማነጻጸሪያዬ) ባንድ ሰጠ፤ ብክለት ገብቷል ማለት ነው፤ የቀኑ ሥራ በሙሉ ገደል ገባ። ፓይፔቱ (የፈሳሽ መለኪያው) ነው ብያለሁ። እኔ ነኝ ማለት ይከብዳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ጊዜ በፍተሻ የሚፈለገው 35ኤስ ፕሮሞተር፣ የገባውን ጂን ሥራ የሚያስጀምረው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ የተወሰደው ከአበባ ጎመን ሞዛይክ ቫይረስ ነው። ስለዚህ በዚህ ቫይረስ የታመመ ጎመን፣ ማንም ጂን ሳያስገባበት፣ «አለብኝ» ሊልሽ ይችላል። ያኔ ቫይረሱን ለብቻው ትፈትሺያለሽ። ወይም የገባው ጂንና የተክሉ ዲኤንኤ የተጋጠሙበትን ቦታ ትፈልጊያለሽ። ይሄን በእጇ የሠራች ልጅ ነገ ጂን ስታስገባ ራሷን አታታልልም።

ስለ ገበያው ብዙ አልልም። ጂን የገባባቸውን ሕያዋን የሚቆጣጠረው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ቢቲ ጥጥ (ተባይ የሚከላከል ጂን የገባበት ጥጥ) እንዲዘራ የተፈቀደው ደግሞ በ2010። ለሰብል ጂን የሚያስገባ ቦታ አገር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ሆለታ ያለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል እንኳ ካንቺ ሰፈር በአምቦ መንገድ ቀጥታ ነው፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ብዙ ተመራቂ ነው የሚሰለፈው። ፒሲአር የለመደ እጅ በሰውም በእንስሳም በሽታ ምርመራ ሥራ ያገኛል። ማስተርሱ የትም አይሄድም፤ ዓመት ሠርተሽ ስታመለክቺ የምታወሪው ይኖርሻል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራስሽ ደብተር ይኑርሽ። የከሸፈውንም ጻፊ፣ በተለይ የከሸፈውን።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ አንድ ነገር አንቺም ጠይቂያቸው፦ መብራት ሲጠፋ ኢንዛይም ያለበት ፍሪዘር ምን ይሆናል? ጄኔሬተሩን ካሳዩሽ ጥሩ። እርስ በርስ ተያይተው ከሳቁ ግን፣ ከመፈረምሽ በፊት ደግመሽ ጻፊልኝ።