ሣር ውስጥ የምትሰወረውን ትንሽ ወፍ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ የማያቸው ትንንሽ ወፎች ሁሉ ቡናማና ዝንጉርጉር ናቸው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቀለም አይጀምሩ። መጀመሪያ የመንቁሯን ውፍረት፣ የጅራቷን ርዝመትና አኳኋኗን ይዩ። ሜዳ ላይ የሚመሳሰሉት ላርክ፣ ፒፒትና ሲስቲኮላ የሚባሉ የወፍ ዓይነቶች ናቸው። ላርክ ደልደል ያለች፣ መንቁሯም ወፈር ያለ ነው። ፒፒት ቀጠን ያለች ስትሆን መሬት ላይ እየተራመደች ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ትወዘውዛለች። ሲስቲኮላ ከሁለቱም ታንሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የሣር አገዳ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትገኘው።

ጥያቄ፦ ከሲስቲኮላ ዝርያዎች አንዷን፣ ዚቲንግ ሲስቲኮላን፣ በምን አውቃታለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት በወንዱ አበራረር። በመራቢያ ወቅት ከሜዳው በላይ ከፍ ዝቅ እያለ ይበራል፤ ከፍ ባለ ቁጥር አንዴ “ዚት” ይላል፣ አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይደግማል። ክንፉን አያጮህም። በአፍሪካ ደረቅ ሜዳዎች የምትኖረው የዴዘርት ሲስቲኮላ ወንድ ግን ዝቅ ብሎ እየበረረ በክንፉ ጧ ጧ ያደርጋል። ይህ ልዩነት ከማንኛውም የላባ ምልክት ይበልጥ ያስተማምናል። ሊያርፍ ሲል ደግሞ አጭር ጅራቱን ይዘረጋል፦ ጫፉ ነጭ፣ ከነጩ ቀጥሎ ጥቁር፣ መነሻው አካባቢ ቀላ ያለ ቡናማ። ዓይንዎን እዚያች ቅጽበት ላይ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጫፉ ላይ ነጭ ባላይስ?

መልስ፦ በጊዜ ብዛት አልቆ ሊሆን ይችላል። ላባን ጥቁር የሚያደርገው ሜላኒን ያጠነክረዋልም፤ ነጩ ክፍል ያ ስለሌለው ቶሎ ይሸረፋል። የጀርባው ላባ ፈዛዛ ጠርዝም እንዲሁ ሲያልቅ ወፏ ጠቆር ትላለች። ፎቶ ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር አልገጥም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዝም ካለችስ?

መልስ፦ “ሲስቲኮላ፣ ዝርያዋ ያልተለየ” ብለው ይመዝግቡ። በግምት ከተሞላ ስም ይህ እጅግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ድምፅ አጫውቼ ልጥራት?

መልስ፦ በመራቢያ ወቅት በፍጹም። ወንዱ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ይልቅ በስልክዎ ይቅዱ፦ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ስልኩን ከፊትዎ ይዘው፣ ሳይንቀሳቀሱ አንድ ደቂቃ ያህል። ቦታውንና ሰዓቱን መጨረሻ ላይ በድምፅ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ልቅረብ?

መልስ፦ 8×42 ባይኖኩላር (ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ካለዎት መቅረብ አያስፈልግም። ምግብ በመንቁሯ ይዛ ከዞረችብዎ ወይም እየጮኸች ከከበበችዎ ጎጆዋ ቅርብ ነው። ጎጆው በቁሙ ያለ ሣር በሸረሪት ድር ተሰፍቶ የሚሠራ፣ ለመሬት የቀረበ ነው፤ ሣሩ ሲረገጥ ይጋለጣል። በመጡበት ዱካ ይመለሱ።