ጠበቃው ሊወዳደር ነው፤ መዝገቦቹስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ በክልል ፈቃድ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። የሰፈሬ ሰዎች «ተወዳደርልን» ካሉኝ ቆይተዋል። ከከተማው ምክር ቤት ጀምሬ ወደ ክልል ምክር ቤት ባድግ ደስ ይለኛል። ከምን ልጀምር? ፈቃዴንና በእጄ ያሉትን መዝገቦች ምን ላድርጋቸው? (ከደሴ)

መልስ፦ ከታች ወደ ላይ የመውጣት እቅድዎ ያምራል፤ ችግሩ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ ነው። የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ተካሄደ፤ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ፤ በ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫም የወሎ መራጭ ድምፅ የሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የከተማውን ወንበር ሲጠብቁ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የምርጫ ቦርድን የጊዜ ሰሌዳ አስቀድመው ይመልከቱ፤ የመጀመሪያ ውድድርዎ በቀጥታ ለክልል ሊሆን ይችላል። ከንቲባነትን እያሰቡ ከሆነም፣ ከንቲባውን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም። ምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫ የሌለው ፓርቲ አባል ሆኖ ከንቲባነትን ማለም ብዙ አያስኬድም።

የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት። ክልሉ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው ደግሞ 138 ሰው ነው። በክልል ደረጃ አንድ ምርጫ ክልል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ተወካይ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለአዲስ እጩ ትርጉም አለው፤ ከታወቀ ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ወንበር ማግኘት ይቻላል።

የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ከእጩ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። 21 ዓመት መሙላት፣ የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ ማወቅ፣ ከምርጫ ክልሉ ጋር በመኖሪያ ወይም በትውልድ መተሳሰር። በግል ከቀረቡ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ይጨመርበታል። የራስዎን ፓርቲ ላቋቁም ካሉ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000፣ ለአገር አቀፍ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ወንበር ብለው ባይገቡበት ይሻላል።

ሰው ምዝገባ ላይ የሚሰናከለው በትልቁ ነገር ሳይሆን በትንሹ ነው። መታወቂያው ላይ «መሐመድ»፣ ዲግሪው ላይ «ሙሐመድ»፣ የጥብቅና ፈቃዱ ላይ የአያት ስም የለም። የስም ማስተካከያ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ለጠበቃ መንገር አያስፈልግም፤ ከምዝገባው ወራት ቀድመው ይጨርሱት። ምዝገባ ከተከለከሉ ደግሞ ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉ። በ2013 የባልደራስ ፓርቲ እጩዎች የምዝገባ ጉዳይ ከቦርዱ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ሄዶ በሰበር የተለወጠው፣ የሚከራከሩበት የጽሑፍ ውሳኔ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ መዝገቦቹ። ጠበቃ እጩ ሲሆን ቀድሞ የሚጎዳው ደንበኛው ነው። በቅስቀሳ ሰሞን ቀጠሮ ያልፋል። ከሳሽ ሳይቀርብ ተከሳሽ ቀርቦ ክሱን ከካደ መዝገቡ ይዘጋል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 74 ለማስከፈት ያለው ጊዜ 1 ወር ብቻ ነው፣ ያውም በቂ ምክንያት ከቀረበ። «ጠበቃዬ ቅስቀሳ ላይ ነበር» የሚል አቤቱታ የትኛውንም ችሎት አያሳምንም። የይግባኙ 60 ቀንም እንዲሁ ሳይታወቅ ያልቃል።

ስለዚህ እጩነትዎ ከመሰማቱ በፊት ቢሮዎን ዘግተው መዝገቦቹን ይለዩ። ለፍርድ የተቀጠሩትን እርስዎ ይጨርሷቸው። ምስክር መስማት ያልተጀመረባቸውን ደንበኛው ለመረጠው ጠበቃ ያስተላልፉ። ይግባኝ የሚጠብቁት ሽፋን ላይ የውሳኔውን ቀንና 60ኛውን ቀን በቀይ ይጻፉ። ርክክቡ በወረቀት ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፣ ቀጣይ ቀጠሮ፣ የተመለሱት ዋና ሰነዶች ዝርዝር፣ ካልተሠራበት አበል የሚመለሰው ገንዘብ፣ በመጨረሻም የደንበኛው ፊርማ ይኑረው። ብዙዎች የሚረሱት ውክልናውን ነው። ካልተሻረ በፍርድ ቤቱ ዘንድ ጠበቃው አሁንም እርስዎ ነዎት፣ መጥሪያውም በእርስዎ ስም ይመጣል። ሽረቱ ውልና ማስረጃ ይፈጸምና ግልባጩ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለሬጅስትራር ይግባ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ተራ የምክር ቤት አባልነት ቋሚ ቅጥር አይደለም። አባላት ጉባኤ ሲጠራ ይሰበሰባሉ፣ መተዳደሪያቸውን አይለቁም። አፈ ጉባኤ፣ ከንቲባ ወይም የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ደመወዝ ከተቆረጠልዎ ግን ፈቃዱን ለሰጠዎት አካል በደብዳቤ ይመልሱ፤ እድሳቱን ዝም ብሎ ማሳለፍ ወደ ሙያው መመለስ ሲፈልጉ ጥያቄ ያስነሣል።

ደግሞ አንድ የማይመች ነገር አለ። የክልሉን ዳኞች፣ ከወረዳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ጠዋት «ክቡር ፍርድ ቤት» ብለው የቆሙለትን ዳኛ ሹመት ባሕር ዳር ላይ እጅ አውጥተው ያጸድቃሉ ማለት ነው። በእኛ እምነት የክልል ምክር ቤት አባል የሆነ ጠበቃ በክልሉ ችሎቶች መቆሙን ቢያቆም ይሻለዋል። የሚከለክለው አንቀጽ ባይኖር እንኳ፣ የተረታው ወገን ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ድምፅ ከመቁጠርዎ በፊት ደግሞ የረቷቸውን ሰዎች ይቁጠሩ። ወሎ ውስጥ ስንቱ የድንበርና የደም ጉዳይ በአባጋር (በባህላዊ አስታራቂ) እና በሽማግሌ ያልቃል! ለአንዱ ቤተሰብ ቆሞ ሌላውን ያስፈረደ ጠበቃ፣ የሌላውን ቤት ዘመድ አዝማድ ድምፅ ከወዲሁ ቢቀንሰው ይሻላል። ቅሬታው የሚሽር ከሆነ በሽማግሌ ነው፤ ግን ከምርጫው በፊት እንጂ በቅስቀሳው መሐል አይሁን፣ ያኔ እርቅ ሳይሆን ድምፅ ልመና ይመስላል። ቅስቀሳ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ክልክል ነው፤ ድምፅ መስጫው 4 ቀን ሲቀረው ደግሞ በየትም ቦታ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነኝ። ተወዳድሬ ባልመረጥ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ? (ከወልዲያ)

መልስ፦ እንደ ፈቃድ ወጥተው እንደ ፈቃድ አይመለሱም። ዳኛ የፓርቲ አባል መሆን አይችልም፤ ለመወዳደርም ሥራውን መልቀቅ አለበት። መመለስ ቢፈልጉ እንደ አዲስ ተሿሚ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ታጭተው በክልሉ ምክር ቤት መሾም ይኖርብዎታል። ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ ከፌዴራል ዳኝነት ወጥተው ጠበቃ ሆኑ፣ በ1997 ከቅንጅት መሪዎች አንዷ ነበሩ፣ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ወደ ዳኝነት ግን አልተመለሱም።

ጥያቄ፦ የወረዳ ምክር ቤት ውስጥ የሕግ ሰው እጅ ከማውጣት በቀር ምን ይሠራል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ካነበበ ብዙ ይሠራል። አዋጅ የሚያወጣው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማል፤ ወረዳው አዋጅ አያወጣም። የወረዳው ምክር ቤት ጉልበት በጀት ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባና ሰኔ 30 ይወጣል፤ ገንዘቡ አብዛኛው ከክልል በጥቅል ይመጣል፤ ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል። ስለዚህ ሰነዱ ሲታደል ጠቅላላ ድምሩን ትተው ሦስት መስመር ይፈልጉ፦ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ፣ ካፒታል። በዓመቱ አጋማሽ ከካፒታል ወደ ሥራ ማስኬጃ የዞረ ገንዘብ ካለ «ማን ፈቀደ፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ?» ብለው ይጠይቁ። የመስቀለኛ ጥያቄ ልምድ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ረጅም ንግግር ግን አይጠቅምም፣ ሰብሳቢው ሰዓት ይቆርጥብዎታል። የኦዲት ግኝት ሲነበብ ደግሞ ካለፈው ዓመት ግኝት ጋር ያስተያዩት፤ አንዱ ጉድለት ሁለቴ ከታየ ጥያቄው ለሂሳብ ሹሙ ሳይሆን ለአስተዳዳሪው ይሆናል።

የመሬት አቤቱታ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና የካሳውን የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ ነገር ግን አባል ሆነው አይፍረዱለት፣ እንደ ጠበቃም አይሟገቱለት። የትኛው ጽሕፈት ቤት መልስ ሊሰጠው እንደሚገባ ይንገሩት፤ መልስ ካጣ በቋሚ ኮሚቴው በኩል ይጠይቁለት።

ጥያቄ፦ ከሚሴ የዞን ምክር ቤት ሲኖር ደቡብ ወሎ ለምን የለውም? እኔ ከሚሴ ልወዳደር ነው። (ከባቲ)

መልስ፦ በክልሉ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ ቁጥር 59/1994፣ የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ ዞኖች ናቸው፦ ኦሮሞ (መቀመጫው ከሚሴ)፣ ዋግ ኽምራና አዊ። ሰሜንና ደቡብ ወሎ የክልሉ አስተዳደር እርከኖች ስለሆኑ ዞኑ ላይ የሚመረጥ ምክር ቤት የላቸውም። በኦሮሞ ዞን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በችሎት በአስተርጓሚ ሲሠሩ ከነበረ፣ በእጩነት አስተርጓሚ የለም።